ሜዳው በስሙ ሲጠራ

ሆልዊክ፣ ካንሳስ
ኤፕሪል 10፣ 1988

ለአጎቴ ልጅ ለደርዊን፣

ከሁሉ በፊት ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤናህን፣ ሥራህንና እንቅልፍህን ፈጣሪ ይጠብቅልህ፤ እንቅልፉን የጨመርኩት ባለፈው ካርድህ ላይ «የማዕድኑ የሌሊት ፈረቃ ገደለኝ» ስላልክ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ሱቁም ደህና ነው። የዚህ ከተማ ሰው ቤቱን መጠገን እስካልተወ ድረስ ሚስማር ሸጬ እበላለሁ።

አባትህም ደህና ነው። በረዶው እንደቀለጠ አካፋውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ቤዝቦል ሜዳው ላይ ተገኘ። እሱ ጭቃውን ሲደለድል ያየ ሰው ፀደይ ገባ ይላል እንጂ የቀን መቁጠሪያ የሚያይ የለም። ትናንት በዚያ በሚያቃስት መኪናው ላይ ልጆቹን እንደ ድንች ጭኖ በዋናው መንገድ ሲያልፍ አየሁት። ሁሉም ይጮሃሉ፣ እሱ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጮሃል። የዘንድሮዎቹ ግማሾቹ አንተ አብረሃቸው የተጫወትካቸው ሰዎች ልጆች ናቸው።

ዋናው ጉዳዬ ሌላ ነው። ጌሪ ሎትስን ታስታውሰዋለህ፤ ያ ጆሮ ትልቁ። አሁን የልጆች ሊጉ ሊቀመንበር ሆኗል፤ ጆሮው ግን ያው ነው። እሱና ኮሚቴው ሜዳውን በአባትህ ስም ሊሰይሙት ወስነዋል። «የሌላንድ ፕሮክተር ሜዳ» የሚል ሰሌዳ መግቢያው ላይ ይቆማል። የሚሆነው በነፃነት በዓል ዕለት፣ ከሰልፉ በኋላ ነው። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ኳስ መያዝ ሲያስተምር ለኖረ ሰው ቢያንስበት እንጂ አይበዛበትም። አንተም አንድ ነገር ብትጽፍለት በበዓሉ ላይ ይነበባል። ብትመጣማ እንዴት ባማረ! ግን እሱን አላነሳም፤ መንገዱ ሩቅ መሆኑን አውቃለሁ።

ለአባትህ ገና አልተነገረውም። ድንገት እንዲሆንበት ተፈልጎ ነው፤ በስልክ እንዳታመልጥህ።

የምታከብርህ የአክስትህ ልጅ
ማርላ


ዋንዳላ፣ ምዕራብ አውስትራሊያ
ሜይ 2፣ 1988

ለአክስቴ ልጅ ለማርላ፣

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ሱቅሽ ይክበርልሽ፣ እጅሽ ይባረክ። እኔ ከአቧራው በቀር ምንም አልሆንኩም። እዚህ ቀይ አቧራ እንበላለን፣ ቀይ አቧራ እንጠጣለን፤ ትራሴን ባራግፈው አንድ ማሳ ይወጣዋል።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ደስ አለኝ። ለሰሌዳው መሥሪያ እንዲሆን ትንሽ ገንዘብ ልኬያለሁ፤ ጥሩ እንጨት ይሁን፣ የሚላጥ ቀለም አትቀቡት።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። አባዬ ስሙ ሲጠራ እንኳን የሚያፍር ሰው ነው። አንድ ዓመት የእህል ማኅበሩ «የኮች ሌላንድ ልጆች» የሚል ኮፍያ አሠርቶ ሲመጣለት «የኔ ልጅ አንድ ነው፤ እነዚህ እናት አላቸው» ብሎ በካርቶኑ መልሶላቸዋል። ኮፍያዎቹን ኋላ ላይ ገበሬዎች ናቸው ያደረጓቸው። ደግሞስ ሆልዊክ ውስጥ በቁሙ ባለ ሰው ስም የተጠራ ምን አለ? ድልድዩም የሟች ነው፣ መናፈሻውም የሟች ነው። ሰውየው በእግሩ እየሄደ እናንተን ምን አስቸኮላችሁ?

ባለፈው እሑድ ደወልኩለት። በእናንተ ሰዓት የቤተ ክርስቲያን ሰዓት ነበር። «ልምምድ አለብኝ፣ ልጆቹ እየጠበቁኝ ነው» ብሎ ዘጋብኝ። እሑድ ጠዋት ምን ልምምድ አለ? እማዬ በሕይወት እያለች እሑድ ጠዋት ኳስ የሚባል ነገር በዚያ ቤት አይነሳም ነበር።

ማርላ፣ የሆነ ነገር ደብቀሽኛል። አሟል?

ደርዊን


ሆልዊክ
ሜይ 22፣ 1988

ለደርዊን፣

ሰላምህ ይብዛ። ገንዘቡ ደርሷል፤ እንጨቱም ተቆርጧል።

አዎ፣ ደብቄሃለሁ። ያኔ ልጽፈው ብዕር አንስቼ አፈርኩ። አሁንም እያፈርኩ ነው የምጽፈው።

በማርች፣ በመጀመሪያው ግጥሚያ ከጎረቤት ከተማ ልጆች ከኦክሌቶች ጋር ነበርን። አባትህ እንደ ሁልጊዜው ሦስተኛው የሯጮች ማረፊያ አጠገብ ቆሞ በእጁ ምልክት ይሰጣል። ልጆቹ በየዓመቱ አዲስ ምልክት እንደሚያጠኑ አንተ ታውቃለህ፤ ዘንድሮ ኮፍያውን ሲነካ ቁሙ፣ ቀበቶውን ሲነካ ሩጡ ነው የተባሉት። እሱ ግን ደረቱን ይመታል፣ ክርኑን ያሻል፣ ጆሮውን ይጎትታል። ልጆቹ ግራ ገባቸው። አንዱ ሮጦ ተቃጠለ፣ አንዱ መሮጥ ሲገባው ቆሞ ቀረ። የኦክሌት ሰዎች ሳቁ።

የኛ ሰዎች ግን አልሳቁም። ምክንያቱም ምልክቱን አንብበውታል። ተመልካች ቦታ የተቀመጡት አባቶች! እነሱ ልጆች በነበሩበት ጊዜ ያስጠናቸው ምልክት ነበር። ክርኑን ሲያሽ ጌሪ ሎትስ ከመቀመጫው ብድግ ሊል ምንም አልቀረውም፤ እግሩ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁሉም ገባቸው፣ ሁሉም ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ከዚያ አባትህ ወደ አግዳሚው ዞሮ «ደርዊን፣ ክንድህን አሙቅ፤ አሁን ትገባለህ» አለ። ልጆቹ ደርዊን ማነው ብለው እርስ በርስ ተያዩ።

ከዚያ በኋላ ሌላም አለ፤ ልዘርዝርብህ አልፈልግም። ደህና ቀን ደህና ነው። መጥፎ ቀን ልጆቹን ሜዳ ላይ ረስቷቸው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ወላጆች ሊጉን ማጨናነቅ ጀመሩ።

አንድ ቀን ጌሪ ቀለም የሚያማርጥ መስሎ ሱቄ መጣ።

«ማርላ፣ ለኮች አንድ ሰው ሊነግራቸው ይገባል» አለኝ።

«ንገራቸዋ! አፍ የለህም?»

«እኔ? እብድ ነሽ? ዛሬም መንገድ ላይ ሲያዩኝ ማስቲካዬን እውጣለሁ።»

«ሊቀመንበሩ አንተ ነህ።»

«አንቺ ደግሞ የእህታቸው ልጅ ነሽ። ደም ነሽ።»

«እና ቄሱስ?»

«ቄሱም አንቺን ነው ያሉት።»

ተገፋፍተን ተገፋፍተን ሲያቅተን ነው ጌሪ ይቺን ዘዴ ያመጣት። ሜዳውን በስሙ እንሰይማለን፣ በዚያው «የክብር አሰልጣኝ» ብለን እናውጃለን፣ ቡድኑን ለወጣቱ ረዳቱ ለትሮይ እንሰጣለን። «ሰው ቆሞ እያጨበጨበላቸው እምቢ አይሉም» አለኝ። እኔም «እሺ» አልኩ። ክብር ብዬ የጻፍኩልህ ይሄ ነው፤ ሽማግሌውን በጭብጨባ ማስወጣት።

እሱ ምንም አያውቅም። ለመጪው ዓመት አዲስ መረብ እንዳዝዝለት ትናንት ጠይቆኛል። ዓይኑን ማየት አቅቶኝ ዕቃ የምፈልግ መስዬ ጓዳ ገባሁ።

ደርዊን፣ ልጁ አንተ ነህ። ገንዘብ አትላክ፤ አንተ ና። መምጣት ካልቻልክ ደውለህ ወይም ጽፈህ አንተው ንገረው። ካንተ ከሰማው ይቀበለዋል።

ማርላ


ዋንዳላ
ጁን 19፣ 1988

ለማርላ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ለቤትሽም በረከት። ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ፈረቃ ተቀያይሮብን ነበር፣ ፖስታውም እዚህ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። ይሄን ሁሉ የምደረድረው ምክንያት እንዳይመስልሽ።

ነገሩን አሰብኩበት። በዚህ ወቅት ፈቃድ ማግኘት ከባድ ነው። ስልኩንም አንስቼ ነበር። ደወልኩለትና ስለ ዝናብ አወራን። ስለ ስንዴው አወራን። «ክንድህ እንዴት ነው?» ሲለኝ የምለው ጠፍቶኝ «ደህና ነው አባዬ» አልኩት። በዚያው ተሰነባበትን።

ስለዚህ የጌሪ ሐሳብ መጥፎ አይመስለኝም። ምን ጉዳት አለው? ሰው ያጨበጭብለታል፣ ስሙን ሰሌዳ ላይ ያያል፣ ደስ ብሎት ይወጣል። ለምን እንደሆነ ባያውቅ ይሻለዋል። ቤተሰቡ ምን ይላል ብሎ ኮሚቴው ከጠየቀሽ ይቺን ደብዳቤ አንብቢላቸው፤ ልጁ ተስማምቷል በያቸው።

በበዓሉ ላይ የሚነበበውን ለብቻው ጽፌ አያይዤዋለሁ። የኳስ መያዣ ጓንት መግዛት ላልቻለ ልጅ ሁሉ «መኪናዬ ውስጥ ወድቆ አገኘሁት፣ የማን እንደሆነ አላውቅም» እያለ ጓንት ሲሰጥ እንደነበር ጽፌያለሁ። እኔ ደግሞ መኪናው ውስጥ ያ ሁሉ ጓንት ከየት ይወድቃል ብዬ እስክጎረምስ ድረስ ይገርመኝ ነበር። ደግሞ የባንኩን ሥራ አስኪያጅም፣ እስር ቤት የገባውንም፣ ሁለቱንም ኳስ ያስያዘው እሱ መሆኑን ጽፌያለሁ። ለሁለቱም እኩል ነበር የሚጮህባቸው።

እንዳትፈርጂብኝ።

ደርዊን


ሆልዊክ
ጁላይ 9፣ 1988

ለደርዊን፣

ጤና ይስጥልኝ።

እንዳልከው ደብዳቤህን ለኮሚቴው አነበብኩት። ሁሉም እፎይ አሉ። ጌሪ «ልጃቸው ካለማ!» አለ። እኔም እፎይ አልኩ፤ እውነቱን ልንገርህ ብዬ ነው።

በበዓሉ ቀን ከተማው አንድ ሰው ሳይቀር ሜዳው ላይ ነበር። ጨርቁ ከሰሌዳው ላይ ሲወርድ ሕዝቡ ብድግ አለ። ያንተ ጽሑፍ ተነበበ። ጓንቱ ጋ ሲደረስ ትልልቅ ወንዶች አፍንጫቸውን ሲጠርጉ አየሁ፤ ለካ ብዙዎቹ «ወድቆ የተገኘ» ጓንት ነበራቸው። አባትህ ኮፍያውን አውልቆ ይዞ ቆሟል። እንዴት ደስ እንዳለው! እኔም፣ ይሄው ደርዊን ልክ ነበር፣ በሰላም ሊያልፍ ነው አልኩ።

ቀጥሎ ጌሪ ማይኩን ያዘና «ኮች ከዛሬ ጀምሮ የክብር አሰልጣኛችን ናቸው፤ ቡድኑን ወንድማችን ትሮይ ይረከባል» አለ፤ ቶሎ ቶሎ ብሎ። ጭብጨባው ቀጠለ። በጭብጨባው መሃል አይሰማም ብለን ነበር። እሱ ግን ሰማ። ዘንድሮ ሙሉ እንደዚያን ቀን አእምሮው ጠርቶ አያውቅም።

«ጌሪ» አለ። ማይኩ አጠገብ ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

«አቤት፣ ኮች።»

«ልጅ ሆነህ፣ ከኦክሌት ጋር ስንጫወት፣ የወረወርከው ሁሉ አጥር ሲመታ፣ ምን አደረግኩህ?»

«አስወጡኝ።»

«እንዴት አድርጌ ነው ያስወጣሁህ?»

ጌሪ አቀረቀረ። ጆሮው ቀላ።

«ከአግዳሚዬ ሆኜ ጮህኩብህ?»

«አይ፣ ኮች።»

«ሰው አጨብጭቦ እንዲሸኝህ አደረግኩ?»

«አይ፣ ኮች። የምወረውርበት ጉብታ ድረስ መጡልኝ።»

«መጥቼስ ምን አልኩህ?»

«‹ዛሬ ክንድህ ደክሟል፤ ኳሱን ስጠኝ› አሉኝ። ከዚያ ትከሻዬን ይዘውኝ አብረን ወጣን።»

«አዎ» አለ አባትህ። «ይሄን ሁሉ ዓመት አንድም ልጅ ሳልሄድለት አስወጥቼ አላውቅም። የሚያለቅስም ቢሆን፣ የሚሰድበኝም ቢሆን፣ ሄጄ ፊቱን እያየሁ ነው የምነግረው። ሁላችሁንም እንደዚያ ነው ያሳደግኳችሁ። እና አንዳችሁ እኔ ድረስ መምጣት አቃታችሁ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባትህ ኮፍያውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠና በሰዉ መሃል አቋርጦ ወጣ። ሰው መንገድ ለቀቀለት፣ ቀና ብሎ ያየው ግን የለም። የሙዚቃ ባንዱ ምን ማድረግ እንዳለበት ጠፍቶት አንድ ዘፈን ጀመረና መሃል ላይ አቆመው።

ሮጬ መኪናው ጋ ደረስኩበት። መሪውን ይዞ ተቀምጧል፣ ሞተሩን አላስነሳም።

«አንቺም አውቀሻል» አለኝ። ጥያቄ አልነበረም።

«አውቄያለሁ አጎቴ። ይቅር በለኝ።»

«ደርዊንስ? ልጄ ያውቃል?»

ደርዊን፣ ምን ልበለው? ፊቱን ብታየው! «አያውቅም» አልኩት። «ስለ ሰሌዳው ብቻ ነው የጻፍንለት።»

«ጎሽ» አለ። «እኔም ባያውቅ ነው ብያለሁ። ቢያውቅ ይነግረኝ ነበር።»

መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ከዚያን ቀን ወዲህ በሜዳው በኩል አያልፍም፤ ፖስታ ቤት ሲሄድ በባቡር ሐዲዱ በኩል ይዞራል።

ልፈርድብህ አልችልም፤ በምን አፌ? ግን ይሄን ውሸት ላንተ ነው የዋሸሁት፤ አንተም እወቀው።

ማርላ


ዋንዳላ
ሴፕቴምበር 4፣ 1988

ለማርላ፣

ሰላምታ እንዴት እንደምጀምር አላውቅም። ብቻ ደህና ሁኑልኝ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆየ። ኪሴ ውስጥ ይዤው ወደ ሥራ እገባለሁ፣ ይዤው እወጣለሁ። መልስ ልጽፍ እቀመጥና «ቢያውቅ ይነግረኝ ነበር» የሚለው ጋ ስደርስ ብዕሩን አስቀምጣለሁ። በእፍረት ሰው የሚሞት ቢሆን እስካሁን ቀብራችሁኝ ነበር።

በጁን ፈቃድ ማግኘት ከባድ ነው ብዬሽ ነበር። አልጠየቅኩም ነበር እኮ! አለቃዬን ትናንት ጠየቅኩት፤ «ሂድ» አለኝ፣ ቀና ብሎም አላየኝ። ያን ያህል ቀላል ነበር። አባዬ ከማያውቃቸው ልጆች አጠገብ ሁሉ ጉብታው ድረስ እየሄደ ቆሟል፤ እኔ ግን ስልክ ይዤ ስለ ዝናብ አወራሁ።

በኦክቶበር መጨረሻ እመጣለሁ፤ ቲኬቱን ቆርጫለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ «አባዬ፣ አውቅ ነበር። ተስማምቼ ነበር። የስምምነቱን ደብዳቤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ» ልለው። ይቆጣኝ፤ ከፈለገ ከቤት ያስወጣኝ። እሱ ባስተማረኝ መንገድ አንዴ እንኳን ልናገር። እስክመጣ ድረስ አንቺ ምንም እንዳትነግሪው።

እንዴት ነው አሁን? ይበላል? ኳስ ያያል?

ደርዊን


ሆልዊክ
ሴፕቴምበር 26፣ 1988

ለአጎቴ ልጅ ለደርዊን፣

መንገድህን ፈጣሪ ያቅናልህ፤ በሰላም ያግባህ። መምጣትህን ስሰማ አለቀስኩ። አልጋህን አነጥፌያለሁ፤ የሱን ቤት እያጸዳሁ የማበስልለት እኔ ነኝ አሁን። ይበላል። ኳስ አያይም።

ከመምጣትህ በፊት ግን ማወቅ ያለብህ ነገር አለ።

አባትህ በዓሉን ረስቶታል። ጌሪንም፣ ማይኩንም፣ ጭብጨባውንም፣ ሁሉንም። ባለፈው ሳምንት ሐኪም ቤት ስወስደው በሜዳው በኩል አለፍኩ፤ ሰሌዳውን አየና «ማርላ፣ ሞቻለሁ እንዴ?» አለኝ። ሳቅኩ፣ እሱም ሳቀ። ከዚያ እስክንደርስ መንገድ መንገዱን ብቻ ሳይ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አልጠፋውም። ጠጉር ቆራጩ ጋ በየሳምንቱ አደርሰዋለሁ፤ እዚያ ያው ከልጅነታቸው ጀምሮ ያሰለጠናቸው ሰዎች ናቸው የሚቀመጡት። ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ድንገት «ልጄ አያውቅም ነበር» ይላል። «ቢያውቅ ይነግረኝ ነበር።» ደስ ብሎት ነው የሚለው፤ ልክ ልጁ እንደተሾመለት ሰው። ምኑን እንዳላወቅህ እሱም አያስታውስም። ትላንት ጌሪ እዚያ ነበር፤ ደብዳቤህን በጆሮው የሰማው ጌሪ። «አዎ ኮች፣ ደርዊን አያውቅም ነበር» አለው። ሌሎቹም፣ ሁሉም ያንተን ደብዳቤ ይዘት የሚያውቁ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቆራጩ መቀሱን ይዞ ቆሞ ቀረ።

እና አሁን መጥተህ ምኑን ልትነግረው ነው? በሜይ ብንነግረው ይጠቅመው ነበር። ያኔ ለምኜህም ነበር። አሁን ከነገርከው የሚቀለው ላንተ ነው፤ እሱ የቀረችውን አንዲት ነገር ይነጠቃል። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፤ እኔ ማን ነኝና ስለ እውነት የምመክር። ግን ደርዊን፣ እባክህ አትንገረው።

ና ግን፤ እንዳትቀር። ጠጉር ቆራጩ ጋ አንተ ታደርሰዋለህ። ገና ከበር ክንድህን ይዞ «ይሄ ልጄ ነው፤ አያውቅም ነበር» ብሎ ለሁሉም ያስተዋውቅሃል። እነሱ አንተን ያያሉ፣ አንተም እነሱን ታያለህ። ከዚያ እንደኛው ዝም ብለህ ትቀመጣለህ።

ጣቢያው ድረስ መጥቼ እቀበልሃለሁ።

ማርላ